ክለብህ ሲበድልህ፦ ውልህን ሳታፈርስ የመቃወሚያ መንገድ

ባህር ዳር ውስጥ ተጫዋች ከሆንክ ምስጢር የሚባል ነገር የለህም። እሁድ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ከዋልክ ሰኞ ጠዋት የባጃጅ ሾፌሩ ሳይቀር "ምነው፣ ከኮች ጋር ተጣላህ እንዴ?" ይልሃል። ደሞዝ ሲዘገይ ሰፈሩ ከአንተ ቀድሞ ያወራል። አይዞህ የሚልህ፣ "እንዳትሄድላቸው" የሚልህ፣ "ላይቭ ግባና አጋልጣቸው" የሚልህ ሞልቷል። ከነሱ ውስጥ ነገሩ የፌዴሬሽኑ ክርክር ሰሚ ኮሚቴ ፊት ሲደርስ አብሮህ የሚቆም ግን የለም።

ይህ ጽሑፍ የጽሑፍ ውል ፈርሞ ደሞዝ ለሚከፈለው ተጫዋች ነው። ለጣና ሞገዶቹ፣ ለባህር ዳር ከተማ፣ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ብትጫወት፣ ከፍተኛ ሊግ ላይ ብትሆን፣ ወይ ከሐይቁ ማዶ ጎንደር ብትፈርም መንገዱ ብዙም አይለያይም። ሴት ተጫዋቾችም እንደዚሁ፤ ለእናንተ ብቻ የሚሆነውን ቦታው ላይ አነሳዋለሁ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ። ቅሬታህን በወረቀት አድርገው፤ ልምምድህን ግን አታቋርጥ። ክለቡ የሦስት ወር ደሞዝ አልከፈለም እንበል። ተጫዋቹ ደግሞ አንድ ደብዳቤ ሳይጽፍ አኩርፎ ቀረ። ሁለቱ ኮሚቴ ፊት ሲቀርቡ ፋይል ይዞ የሚመጣው ክለቡ ነው፤ የቀረበት ቀን ዝርዝር፣ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ተጫዋቹ ይዞ የሚመጣው ንዴቱን ብቻ ነው።

1. ውልህን እጅህ አስገባ

ብዙ ተጫዋች የፈረመው ውል ኮፒ የለውም። "ክለቡ ጋ አለ" ይላል። ያ ኮፒ ያስፈለገህ ቀን ግን ከክለቡ ጋር ተጣልተሃል ማለት ነው፣ ማን ይሰጥሃል? ዛሬ ሰላም ሳላችሁ ጠይቅ። ማህተም ያረፈበት፣ ሁሉም ገጽ ላይ የተፈረመበት ይሁን። ስልክህ ላይም ፎቶ አንሳው፣ ለወንድምህ ወይ ለእህትህም ላክላቸው።

ከዚያ አንብበው። መጀመሪያ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቀን እይ። የፊፋ የዝውውር ደንብ ውል ቢበዛ አምስት ዓመት ነው ይላል፤ ከ18 ዓመት በታች ላለ ደግሞ ሦስት ዓመት። ቀኑ በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ? ሁለቱም ቢጻፍ ጥሩ ነው፤ ስምንት ዓመት የሚያራርቅ ስህተት እንደ ቀልድ ይገባል። ቀጥሎ ገንዘቡን እይ። ደሞዙ የተጣራ ነው ወይስ ከግብር በፊት? የሚከፈለው ወሩ በገባ በስንት ቀን ነው? የፊርማው ገንዘብ በአንዴ ነው ወይስ በክፍያ? ቤት፣ ሕክምና፣ የጨዋታ ቦነስ ተጽፏል ወይስ በአፍ ነው የተነገረህ?

የአፍ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። በ2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦች በወር የ50 ሺህ ብር የደሞዝ ጣሪያ ላይ ሲስማሙ ከውል ውጭ የሚሰጥ ገንዘብ ወሬ አብሮ መጣ። "ይሄን እዚህ ላይ እንጽፋለን፣ ያንን ደግሞ በጎን እናስተካክልልሃለን።" ያ የጎን ገንዘብ የቀረ ቀን የት ሄደህ ትከሳለህ? ወረቀቱ የለም፤ ካለም ራስህን ደንብ በመጣስ የሚያስጠይቅ ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ውል ላይ ያለውን ብቻ ገንዘቤ ብዬ እቆጥራለሁ።

በመጨረሻ የቅጣቱንና የክርክሩን አንቀጽ ፈልግ። ከልምምድ መቅረት ስንት ያስቀጣል? ክርክር ሲነሳ ወዴት ነው የሚኬደው? ውሉ "በክለቡ የውስጥ ደንብ መሠረት" ካለ ያንን ደንብም ጠይቅ። ያላየኸው ደንብ ሲቀጣህ ነው መኖሩን የምታውቀው።

2. ቅሬታህ የትኛው ዓይነት ነው?

ሁሉም በደል ውል መጣስ አይደለም። ይህን ሳይለዩ መጮህ ብዙ ልጆችን ጎድቷል።

ክለቡ በራሱ ሥልጣን የሚወስናቸው ነገሮች አሉ። ማን እንደሚሰለፍ፣ ማን አምበል እንደሚሆን፣ የትኛው አሰልጣኝ እንደሚባረር፣ ጓደኛህ እንደሚሸጥ። አጥቂ ሆነህ በመስመር ተከላካይነት ብትሰለፍ ያናድዳል፣ ግን መብትህ አልተነካም። ሌላ ክለብ ፈልጎህ ክለብህ አልሸጥም ቢልም ያው ነው። ውልህ እስኪያልቅ ሊያቆይህ ይችላል። በተቃራኒው አንተም ሳትስማማ ወደ ሌላ ክለብ ሊልክህ አይችልም፤ አዲሱን ውል የምትፈርመው አንተ ነህ።

እዚህ ጋ "ኢሳቅስ?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አጥቂው አሌክሳንደር ኢሳቅ በ2025 ክረምት ለመሸጥ ፈልጎ ከኒውካስል ቡድን ተለይቶ ከርሞ ነሐሴ መጨረሻ ላይ በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ሊቨርፑል ገባ። ግን የተሸጠው ክለቡ በመጨረሻ ለመሸጥ ስለተስማማ ነው። በሩ ላይ 125 ሚሊዮን ፓውንድ የያዘ ገዢ ቆሞ ነበር። አንተ በር ላይ ማን ቆሟል?

ሁለተኛው ዓይነት ክለቡ ውሉን የጣሰበት ነው። ደሞዝ አለመክፈል ዋናው ነው። በሊጉ ሳያስመዘግብህ መቅረት፣ ስትጎዳ አለማሳከም፣ "ብቃትህ ወርዷል" ብሎ ውል ማቋረጥ ሁሉ እዚህ ይገባሉ። የብቃት መውረድም ሆነ ጉዳት በፊፋ የክርክር ሰሚ ዘንድ ውል ለማፍረስ በቂ ምክንያት ተደርጎ አይወሰድም። ሌላም ክፉ ዘዴ አለ። ክለቡ ማባረር ፈልጎ ካሳ መክፈል ሲሳሳ ተጫዋቹን ለብቻው ያሠራዋል፣ ከቴሌግራም ግሩፑ ያስወጣዋል፣ ማሊያውን ይቀማዋል፣ ራሱ ተናዶ እንዲሄድለት። የፊፋ ደንብ አንቀጽ 14 ይህን ያውቀዋል፦ አንዱ ወገን ሌላውን ውል እንዲያቋርጥ ወይ እንዲቀይር ለማስገደድ የሚፈጽመው የማንገላታት ድርጊት ለተበዳዩ በቂ ምክንያት ይሆነዋል። ስለዚህ ከግሩፑ የወጣህበትን ስክሪንሾት አስቀምጥ። ለብቻህ የሮጥክበትን ቀንና ሰዓት ጻፍ። አትሂድላቸው።

በሁለቱ መካከል የሚወድቅ አንድ ነገር አለ። ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ የቆየ፣ ስምና ልምድ ያለው ተጫዋች በፊፋ ደንብ አንቀጽ 15 መሠረት ክለቡ ካደረጋቸው ይፋዊ ጨዋታዎች ከ10 በመቶ ባነሱት ብቻ ከተሰለፈ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ግን የውድድር ዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ካለፈ በኋላ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ነው፤ ካሳ ሊያስከፍለውም ይችላል። ገና ከታዳጊ ቡድን ያደገ ልጅ በዚህ አይጠቀምም።

ለሴት ተጫዋቾች፦ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ፊፋ ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ከደሞዙ ሁለት ሦስተኛ ጋር እንዲሰጥ አዟል፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 8ቱ ሳምንት ከወሊድ በኋላ ነው። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከዚህ ይሻላል፤ 120 ቀን ከሙሉ ደሞዝ ጋር። "ካረገዝሽ ውልሽ ይቋረጣል" የሚል አንቀጽ አይተሽ ከሆነ እሱ ወረቀት ላይ ተጽፎም ዋጋ የለውም።

3. የአንተስ ግዴታ እስከ የት ነው?

ልምምድ በሰዓቱ መገኘት፣ ስትጠራ መጫወት፣ ራስህን ብቁ አድርገህ መጠበቅ፣ የአሰልጣኙን ትእዛዝ መስማት፣ የክለቡን የውስጥ ጉዳይ አለማውጣት። አብዛኛው ውል ላይ ያለው ይኸው ነው።

"ግባ" ሲሉህ "አልገባም" ማለት ከሁሉ የከፋው ነው። ካርሎስ ቴቬዝ በሴፕቴምበር 2011 ማንችስተር ሲቲ ሙኒክ ላይ ከባየርን ጋር ሲጫወት ተቀይሮ ለመግባት እምቢ ብሏል ተባለ። እሱ አላልኩም ብሏል። ክለቡ የአራት ሳምንት ደሞዝ ሊቀጣው ፈለገ። የተጫዋቾቹ ማህበር ግን አልፈቅድም ስላለ ቅጣቱ ሁለት ሳምንት ላይ ቆመ። እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፦ ተጫዋቹ ተቀጥቷል፣ ክለቡም እንዳሻው መቅጣት አልቻለም።

እኛም ጋ ለክለቡ ገደብ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት ከደሞዝህ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዝህ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም፤ መቁረጥም የሚቻለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይ የራስህ የጽሑፍ ስምምነት ሲኖር ነው። "የአንድ ወር ደሞዝህን ቀጥተንሃል" የሚል ደብዳቤ ከደረሰህ ዝም ብለህ አትቀበል፣ በጽሑፍ ተቃወም። መቃወም ማለት ግን መቅረት ማለት አይደለም። ይኸው አዋጅ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማሰናበት ይፈቅዳል። አምስት ቀን ለአንድ ኩርፊያ ብዙ አይደለም።

ካመመህ የሐኪም ወረቀት ያዝ። ቤተሰብ ዘንድ ሐዘን ካለ ለቡድን መሪው ደውለህ ብቻ አትተው፣ በቴክስትም ጻፍለት። የስልክ ንግግር ማስረጃ አይሆንህም።

4. ከመጻፍህ በፊት ተናገር

መጀመሪያ አምበሉን፣ ቀጥሎ ቡድን መሪውን ወይ ኮቹን አናግር። ልምምድ ካለቀ በኋላ፣ ሰው በሌለበት። "ኮች፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ምን ባስተካክል ነው የምሰለፈው?" ማለት አሰልጣኙን በር አያስዘጋውም። "ለምንድነው እሱን የምታሰልፈው?" ካልክ ግን ጨዋታው አለቀ። ገንዘብ ከሆነ ኮቹ አይመለከተውም፤ እሱም ሳይከፈለው ሊሆን ይችላል። ሥራ አስኪያጁ ጋ ሂድ።

"ጋሼ፣ የሁለት ወር አልገባልንም።"

"ታገስ ልጄ፣ በጀቱ እየተለቀቀ ነው።"

ይህን መልስ ባህር ዳር ብቻ ሳይሆን በከተማ አስተዳደር በጀት የሚተዳደር ክለብ ሁሉ ውስጥ ትሰማዋለህ። ውሸት ላይሆንም ይችላል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ ገንዘብ መያዙ የተለመደ ነው። ግን የክለቡ የበጀት ችግር የአንተን ደሞዝ ቀን አይቀይረውም። በደንብ አነጋግረህ፣ ተስፋ የተሰጠህን ቀን መዝግበህ ውጣ። ያ ቀን ካለፈ ወደ ወረቀቱ ነው።

5. ደብዳቤው

ያለ ደብዳቤ ቀሪው ሁሉ አይሠራም፤ ስለዚህ ይህን ክፍል ተረጋግተህ አንብበው።

የፊፋ ደንብ አንቀጽ 14 ቢስ (14bis)፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የገባው፣ እንዲህ ይላል፦ ክለብ ቢያንስ የሁለት ወር ደሞዝ በቀኑ ሳይከፍል ከቀረ ተጫዋቹ ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አለው። ነገር ግን አስቀድሞ በጽሑፍ ጠይቆ ቢያንስ 15 ቀን መስጠት አለበት። ፊፋ ብሔራዊ ፌዴሬሽኖች የውል መከበርን መርሆዎች በራሳቸው ደንብ እንዲያካትቱ ይጠይቃል፤ አንተም የፌዴሬሽኑን ደንብ አብረህ እይ። የትም ብትከስ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ "በጽሑፍ ጠይቀሃል ወይ?" ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ስድብ፣ ታሪክ፣ "ለዚህ ክለብ ደሜን አፍስሼ" የሚል አያስፈልግም። እንዲህ በቂ ነው፦

*ቀን፦ የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2026)*
*ለ፦ ... እግር ኳስ ክለብ ሥራ አስኪያጅ*
*ጉዳዩ፦ ያልተከፈለ ደሞዝ እንዲከፈለኝ ስለመጠየቅ*
*በ... ቀን በተፈረመ ውል የክለቡ ተጫዋች መሆኔ ይታወቃል። በውሉ አንቀጽ ... መሠረት ሊከፈለኝ የሚገባው የታህሳስ እና የጥር ወር 2018 ዓ.ም. ደሞዝ በወር ብር 40,000፣ በድምሩ ብር 80,000 እስካሁን አልተከፈለኝም። ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ሙሉ ገንዘቡ በባንክ ሒሳቤ እንዲገባልኝ እጠይቃለሁ። ካልተከፈለኝ ውሉን በበቂ ምክንያት የማቋረጥ እና ካሳ የመጠየቅ መብቴ የተጠበቀ ነው። እስከዚያው በልምምድም ሆነ በጨዋታ ግዴታዬን መወጣቴን እቀጥላለሁ።*
*ግልባጭ፦ ለክለቡ ቦርድ*

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትዘላት። "አኩርፎ ጠፋ" የሚለውን ወሬ ቀድማ የምትዘጋው እሷ ናት።

ሁለት ኮፒ አዘጋጅ። መዝገብ ቤት ሄደህ አንዱን ገቢ አስደርግ፤ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማህተም አስደርገህ ያንን ይዘህ ውጣ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ "ሥራ አስኪያጁ ሳያየው አልቀበልም" ልትልህ ትችላለች። አትጣላት፤ ታዝዛ ነው። ፖስታ ቤት ሄደህ በሪኮማንዴ ላከው፣ ደረሰኙን ያዝ። በኢሜይልም ላከው። በቴሌግራም ለሥራ አስኪያጁ መላክ ይጨመር እንጂ ብቻውን አይበቃም።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ እየተካሄደ ብዙ ወር ከባህር ዳር ርቀህ ሆቴል ልትኖር ትችላለህ። አንተ ሐዋሳ፣ መዝገብ ቤቱ እዚህ። ስለዚህ ዓመቱ ሳይጀምር ለምታምነው ሰው ውክልና ስጥ። ደብዳቤ የማስገባት፣ መልስ የመቀበልና ክስ የማቅረብ ሥልጣን በግልጽ ይጻፍበት።

6. ቀኑ ሲቆጠር

የካቲት 2 የገባ ደብዳቤ ቆጠራው የካቲት 3 ይጀምርና የካቲት 17 ላይ 15 ይሞላል። ከዚያ በፊት ምንም አታቋርጥ፤ የካቲት 16 ላይ ዕቃህን ጭነህ ከሄድክ ተሳስተሃል። በእነዚህ ቀናት ልምምድ ላይ በየቀኑ ተገኝ።

ሽማግሌ ሊላክብህ ይችላል። የቀድሞ ተጫዋች፣ የደጋፊ ማህበር ሰው፣ የአጎትህ ጓደኛ። ሐይቁ ዳር ተቀምጠህ ዓሣ ትጋበዛለህ። ብላ፣ ስማ፣ አክብር። ግን ቀኑ እየሄደ መሆኑን አትርሳ። "ደብዳቤህን አንሳና እንነጋገር" ካሉህ መልሱ "እየተነጋገርን ይቆይ፣ ሲከፈለኝ አነሳዋለሁ" ነው። የተስማማችሁት ነገር ካለም በጽሑፍ ይሁን፤ ስንት ብር፣ በስንት ቀን።

ከሁለቱ ወር አንዱን ብቻ ከፈሉህ እንበል። ይህ የተለመደ ዘዴ ነው። የቀረው ከሁለት ወር ደሞዝ በታች ስለሚሆን ወዲያው ለማቋረጥ አትቸኩል፤ መጀመሪያ ሕግ ባለሙያ አማክር። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌላቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሄደህ መጠየቅ አያስከፍልም።

7. ስልክህና ማሊያህ

ሐሳብን መግለጽ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የተረጋገጠ መብት ነው። ውል ስትፈርም ግን ስለ አሠሪህ በአደባባይ የምትናገረውን በተወሰነ ደረጃ ገድበሃል። ሁለት ታሪክ ልንገርህ።

ክርስቲያኖ ሮናልዶ በኖቬምበር 2022 በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ስለ ማንችስተር ዩናይትድና ስለ አሰልጣኙ የተናገረውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በኖቬምበር 22 ውሉ በስምምነት ተቋረጠ። የሮናልዶ ስም ያለው ሰው ይህን አድርጎ ሌላ ክለብ ያገኛል።

አንዋር ኤል ጋዚ ደግሞ ስለ ጋዛ በለጠፈው ጽሑፍ ምክንያት የጀርመኑ ማይንስ በኖቬምበር 2023 ውሉን አቋረጠበት። እሱ ከሰሰ፤ በጁላይ 2024 የማይንስ የሥራ ፍርድ ቤት ማቋረጡ ሕጋዊ አይደለም አለ። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ኤል ጋዚ የተናገረው ስለ ዓለም ጉዳይ ነው፤ ሮናልዶ የተናገረው ስለ ገዛ አሠሪው ነው። የራስህን አሠሪ ስትነካ መሬቱ ይንሸራተታል።

ታዲያ ምን ማለት ትችላለህ? ጋዜጠኛ "ደሞዝ ተከፍሏችኋል?" ቢልህ "ጉዳዩን ለክለቡ በደብዳቤ አቅርበናል፣ መልስ እየጠበቅን ነው" ማለት እውነትም ነው፣ አያስቀጣም። ሥራ አስኪያጁን "ሌባ" ማለት ግን የስም ማጥፋት ክስ ያመጣብሃል፤ ሌባ ቢሆንም እንኳ ማረጋገጫው ካንተ ይጠበቃል። የመልበሻ ክፍል ቪዲዮ፣ የቡድን ታክቲክ፣ የጓደኛህን ጉዳት አትለጥፍ። ማታ ተናደህ ላይቭ አትግባ። የጠፋ ቪዲዮ አይጠፋም፤ ደጋፊዎች ቀድተውታል።

ሜዳ ላይም ገደብ አለ። ጎል አግብተህ ማሊያህን ብታወልቅ ቢጫ ነው። ከስር የለበስከው ቲሸርት ላይ "ደሞዛችን" ብለህ ብትጽፍ የጨዋታው ሕግ የፖለቲካ፣ የሃይማኖትና የግል መልእክት ስለሚከለክል ተጨማሪ ቅጣት ሊከተል ይችላል። ከሜዳ ጥሎ መውጣት ደግሞ አይታሰብም።

8. በጋራ ማቆም

"ተጫዋቾች ልምምድ አቆሙ" የሚል ዜና እኛ አገር በየዓመቱ አይጠፋም። አንዳንዴ ይሠራል፤ በማግሥቱ ገንዘብ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2014 የካሜሩን ብሔራዊ ቡድን በቦነስ ምክንያት ወደ ብራዚል የሚወስደው አውሮፕላን ላይ አልሳፈርም ብሎ ነበር። የጋና ደግሞ 3 ሚሊዮን ዶላር በጥሬው በአውሮፕላን ተጭኖለት ሄዷል። ግን እነሱ ዓለም ዋንጫ ላይ ነበሩ፤ የመላው አገር ዓይን እነሱ ላይ ነበር።

ሕጉ አድማን አልከለከለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የሥራ ማቆም መብትን ያውቃል፤ አዋጁ ደግሞ ሥርዓቱን ያስቀምጣል። ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ምክንያቱን ገልጾ ማሳወቅ፣ መጀመሪያ ለመስማማት መሞከር፣ ከአባላቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መወሰን ያስፈልጋል። ማታ በቴሌግራም ግሩፕ "ነገ አንሄድም" ተባብሎ መቅረት ይህን አያሟላም። ጠዋት ላይ ሦስቱ ልምምድ ላይ ይገኛሉ፣ አንዱ ስልኩን ያጠፋል፣ "አስተባባሪ" ተብሎ የሚቀጣው ደግሞ መጀመሪያ የጻፈው ልጅ ይሆናል።

ስለዚህ በጋራ ከሆነ በጋራ ጻፉ። አንድ ደብዳቤ፣ የሁሉም ስምና ፊርማ፣ አምበሉ ብቻውን ከፊት እንዳይቆም ፊርማዎቹ በክብ ይሁኑ። ደሞዙ ግን የየግል መብት ስለሆነ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን የ15 ቀን ደብዳቤ ለየብቻ አስገቡ። ሃያ ደብዳቤ በአንድ ቀን መዝገብ ቤት ሲገባ ከአድማ ያላነሰ ይሰማል፤ ማንም ሊቀጣበት አይችልም።

የጨዋታ ቀን ማቆምን አልመክርም። ቡድን ሰባት ተጫዋች ካላቀረበ ጨዋታው አይጀመርም፤ ፎርፌ ይሆናል፤ ደጋፊው ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከክለቡ ጎን ይቆማል። በዚህች ከተማ ደጋፊ ከጠላህ ሱቅ መውጣትም ያቅታል።

9. 15 ቀኑ አልፎ ካልተከፈለህ

ሁለተኛ ደብዳቤ ትጽፋለህ፤ ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥህን፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነና የሚቀርህን ገንዘብ የሚገልጽ። ያው መዝገብ ቤት፣ ያው ማህተም። አትዘግይ። በአዋጁ መሠረት ሠራተኛ በአሠሪው ጥፋት ያለ ማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብቱ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀመበት ይቀራል፤ የደሞዝ ጥያቄም መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር በይርጋ (የመጠየቂያ ጊዜው በማለፉ) ይታገዳል። "ለክለቡ አዝኜ ዝም አልኩ" ይርጋን አያቆምም።

አንድ ጥንቃቄ። አዋጁ ማንኛውም ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል ይላል። ይህን አይቶ "ቀላል ነዋ" ያለ ተጫዋች ይሳሳታል። በእግር ኳሱ ደንብ ውል የሚያበቃው ጊዜው ሲያልቅ ወይ በስምምነት ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት የሄደ ካሳ ይከፍላል። ከ28 ዓመቱ በፊት የፈረመ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት፣ ከዚያ በኋላ የፈረመ ከሆነ በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ቢያደርግ ከጨዋታ መታገድም አለ። የግብፁ ግብ ጠባቂ ኤሳም ኤል ሐዳሪ እ.ኤ.አ. በ2008 አል አህሊን ትቶ ስዊዘርላንድ ሲዮን ገብቶ የአራት ወር እገዳና ካሳ ተከትሎታል። በኦክቶበር 2024 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በፈረንሳዊው ተጫዋች ላሳና ዲያራ ጉዳይ የፊፋን አንዳንድ ደንብ ተችቶ ፊፋም ማሻሻል ጀምሯል፤ ይህ ግን "ውል የለም" ማለት አይደለም።

የት ትከሳለህ? አንተ ኢትዮጵያዊ፣ ክለቡም ኢትዮጵያዊ ከሆነ መንገዱ የፌዴሬሽኑ የክርክር አካል ነው፤ ፊፋም ተጫዋች የሥራ ክርክሩን ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት የመውሰድ መብቱን አይነካም። ክልል ሊግ ላይ ከሆንክ የአማራ ክልል እግር ኳስ ፌዴሬሽን እዚሁ ነው። የቡድን ጓደኛህ ጋናዊው ግብ ጠባቂ ከሆነ ግን ዓለም አቀፍ ጉዳይ ስለሆነ በቀጥታ ፊፋ ጋ ይሄዳል፤ አንተም ውጭ ሄደህ ስትጫወት እንደዚያው። እዚያ ተጫዋች ወጪ አይጠየቅም፤ ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ወረቀትህ ወደ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ ወይ ስፓኒሽ መተርጎም ይኖርበታል። ካልተስማማህ በ21 ቀን ውስጥ ሎዛን ላለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ትችላለህ፤ እሱ ግን ገንዘብ ይፈልጋል።

ካሳው በፊፋ ስሌት የቀረው ውልህ ዋጋ ነው። አዲስ ክለብ ካገኘህ እዚያ የምታገኘው ይቀነሳል። ውሉን ያቋረጥከው ባልተከፈለ ደሞዝ ከሆነ በተቀነሰው ላይ ሦስት የወር ደሞዝ ይጨመራል። ከማቋረጥህ በፊት ሌላ ክለብ ጋ ፈርመህ ከተገኘህ ግን ደሞዝህ ሰበብ እንጂ ምክንያት አልነበረም ይሉሃል። ስለዚህ ወኪልህ "እዚያ ጋ ጨርሰናል" ቢልህም መጀመሪያ የማቋረጫው ደብዳቤ ይግባ።

10. ሲከፍሉህ

ብዙው ጉዳይ ኮሚቴ ሳይደርስ ያልቃል። ክለቡ አዲስ ተጫዋች ማስመዝገብ ሲፈልግ ወይ የዝውውር መስኮቱ ሲቃረብ ይጠሩሃል። መልቀቂያህና ገንዘብህ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ አጠገባቸው ደግሞ "ከክለቡ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም፣ ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል" የሚል ወረቀት። ያ ወረቀት ከተፈረመ የቦነሱም፣ የሕክምናውም፣ የፊርማው ቀሪ ክፍያም ጥያቄ ያበቃል። የቀረ ነገር ካለ በስሙ ይጻፍበት፦ "የ... ወር ቦነስ ብር ... ሳይጨምር"። ቼክ ከሰጡህ ባንክ ሄደህ ገንዘቡ ሒሳብህ ውስጥ መግባቱን ሳታይ አትፈርም። "ፈርም፣ ከሰዓት ይገባል" ካሉህ ከሰዓት መጥተህ ፈርም።